አባቴ በልቡ ያነሳት ጣት

መጀመሪያ የወደቀው መቀሱ ነው። አባቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ ባለችው ሱቃችን ለአንዲት ደንበኛ አቡጀዲ እየቆረጠ ነበር። መቀሱን አንስቼ ቀና ስል አፉ ወደ ግራ ተጣሟል። ቀኝ እጁ ተንጠልጥሏል። “አባ!” አልኩት። መለሰልኝ። ቃሉ ግን አልለይ አለኝ።

በተገኘው መኪና ሆስፒታል ደረስን። ሲቲ ስካን ተነሳ። “ስትሮክ ነው” አለን ሐኪሙ። “እንቅስቃሴ በቶሎ ካልጀመሩ አልጋ ላይ ይቀራሉ።”

ቤት ስንገባ አባቴ ሶላት መስገድ ተወ። ምግብም ቀነሰ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ “አባባ፣ እጅዎ ባይነሳም ይዘዙት። በሐሳብዎ ያንሱት፤ አንጎልዎን የምናለማምደው እንዲህ ነው” ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ለምን እንደማይሰግድ ጠየቅኩት። እየተኮላተፈ፣ “ፋቲሐን እያበላሸሁ? አላህ ፊት?” አለኝ። በየሶላቱ የሚቀራውን የቁርኣን መክፈቻ ምላሱ አላወጣ ስላለው አፍሮ ነበር።

ይህን ለሸህ ሰይድ ነገርኳቸው፤ በልጅነታቸው ቁርኣን አብረው የቀሩ ጓደኛው ናቸው። ሊጠይቁት መጥተው ገና ከበር፣ “አንተ ሰውዬ፣ አላህ አስተርጓሚ ፈልጎ ያውቃል?” አሉት። አባቴ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ በግማሽ አፉ። ሸሁ አጠገቡ ተቀምጠው እጁን ያዙ።

“ተቀምጠህ ካልቻልክ ተኝተህ ስገድ። በራስህ አመልክት፤ እሱም እምቢ ካለህ በዓይንህ። ምላስህና እጅህ ታመሙ፤ ኒያህን፣ የልብህን ሐሳብ፣ ማን ሽባ አደረገው?”

ያን ዕለት የዐስርን ሶላት ተኝቶ ሰገደ። በተሸሁድ፣ የአላህ አንድነት ሲመሰከር አመልካች ጣት የሚነሳበት ቦታ ሲደርስ፣ ዓይኑን ቀኝ ጣቱ ላይ ተከለ። ግንባሩን አላበው። ጣቷ አልተነሳችም። ባለሙያዋ የለመነችውን እያደረገ መሆኑ ግን ገባኝ።

በማግስቱ ስትመጣ ፊቱን ወደ እሷ መልሶ፣ “ኒያ አድርጌያለሁ፤ ጀምሪ” አላት። ክርስቲያን ናትና ትርጉሙን ስነግራት፣ “በሉ እንግዲህ፣ ቀሪው ላብ ነው” ብላ አሳቀችው። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ትከሻው፣ ቀጥሎም እግሩ ቀስ በቀስ እየታዘዘው መጣ፤ ዛሬ በከዘራ ተደግፎ ጁምዓ ይሄዳል፣ ከሰልፉ ጫፍም ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰግዳል። ጣቷ ግን እስካሁን አልተነሳችም። ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስሰናበተው ስለ እሷ ብጠይቀው፣ “እኔስ በየሶላቱ አነሳታለሁ። የቀረችው እሷ ናት” አለኝ።

አልሐምዱሊላህ። ሐኪሞቹን፣ ባለሙያዋንና ሸሁን አላህ ይስጥልኝ። እናንተም የሰው አፍ ሲጣመም፣ እጁ ሲዝል ካያችሁ፣ “ያልፍለታል” ሳትሉ ወደ ሆስፒታል ሩጡ፤ ደም ግፊት ካለበትም መድኃኒቱን ተሻለኝ ብሎ እንዳያቋርጥ ጠብቁት። ከአምልኮው ሲርቅ ደግሞ ሰነፈ አትበሉት። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ምን እንዳሳፈረው ጠይቁት፤ ሙሉ አድርጎ ማቅረብ ያቃተው ሰው፣ ያለችው ጥቂት የማትቆጠርለት መስሎት ይሆናል።