የጂሚ አምብሪም የልጅ ልጅ

ስማችንን ያገኘነው ከመቃብር ላይ ነው። ያነበብኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አላነበብኩም።

እናቴ ኤፊ ሙሪ ነበረች፤ ነጮች ከመምጣታቸው በፊት በአገሩ ከነበረው ጥቁር ሕዝብ ማለት ነው። የተወለደችው ከማካይ ከተማ ወደ ምዕራብ፣ አገዳ በማይበቅልበት ደረቅ አገር፣ አንድ ነጭ ከብት በሚያረባበት ሰፊ መሬት ላይ ነው። አባቴም ሙሪ ነበር፣ ከብት ነጂ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀምር አንድ ዓመት ሲቀረው ፈረስ ጣለውና ሞተ። ሦስት ወር ሳይሞላው የባለ ከብቱ ሚስት እናቴን ወደ ጓዳ በር ጠርታ፣ «የፖሊሱ ሳጅን ስለ ልጆችሽ ጠይቋል» አለቻት። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ መጨመርም አላስፈለጋትም። በዚያ ዘመን የሙሪ ልጆች ከባሕሩ ማዶ ወዳለው የመንግሥት ሰፈራ ይወሰዱ ነበር። የእናቴ ታላቅ እህት ሁለት ልጆቿ እንደዚያ ተወስደውባታል። ከዚያ በኋላ ፊታቸውን አላየችም።

የመከራት ታናሽ ወንድሟ ክላሪ ነው።

«ወደ አገዳው አገር ሂጂ። እዚያ የደሴት ሰዎች አሉ።»

«እነሱ ምን ያደርጉልኛል?»

«ምንም። ጥቁር ናቸው። አባቶቻቸው አገዳ ሊቆርጡ በመርከብ የመጡ ስለሆኑ በእኛ ላይ የወጣው ሕግ እነሱን አይመለከታቸውም። ሳጅኑ ልጆቻቸውን አይቆጥርም።»

«ከእኛ በምን ይለያሉ?»

«በወረቀት» አለና ሳቀ። «ደግሞ ጠጉራቸው ይከረደዳል። ያንቺ ለስላሳ ስለሆነ በሻሽ ሸፍኚው።»

«አንተስ?»

«ፈረሶቹን ለማን ትቼ? ግድ የለም፣ ደህና መግባትሽን ለማየት አንድ ቀን ብቅ እላለሁ።»

ዘጠኝ ቀን በእግራችን ሄድን። እህቴ ጆይስ አራት ዓመቷ ስለነበር አብዛኛውን መንገድ እናቴ ጀርባ ላይ ነበረች። አገዳው መታየት ሲጀምር ከመንገዱ ዳር አንድ መቃብር ስፍራ አገኘንና ከማንጎ ዛፍ ሥር አረፍን። መስቀሎቹ የሳንቃ ናቸው። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ እኔ ግን ከባለ ከብቱ ልጆች ጋር ፊደል ቆጥሬ ነበር።

«ምን ይላል?» አለችኝ የቅርቡን እያሳየች።

«ጂሚ አምብሪም።»

«ያኛውስ?»

«ሳም ታና። እዚያ ማዶ ደግሞ ዳን አምብሪም።»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው የኋለኛው ስም ደሴታቸው ነው። ጂሚ አያትሽ ነው። በይ።»

«ጂሚ አያቴ ነው።»

«ቆይ፣ እሱ በጣም ይቀርባል። የኔ አያት ነው። ላንቺ ቅድመ አያትሽ።»

እንደዚህ እያልኩ እየደጋገምኩ ሰፈሩ ደረስን። ከወንዙ ዳር ሃያ የሚሆኑ የቆርቆሮ ቤቶች ናቸው። መጀመሪያ ያገኘናት ኢዳ የምትባል ልብስ የምታጥብ ሴት ናት፤ ከእናቴ ጥቂት የምትበልጥ፣ አንደበቷ የማያርፍ። የማን እንደሆንን ሳይሆን ደሴታችን የት እንደሆነ ነው የጠየቀችን። እናቴ የተማርነውን ተናገረች። ኢዳ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ቤቶቹ ዞራ ተጣራች።

«አባባ ዊሊ፣ ና ውጣ። የወንድምህ የልጅ ልጅ መጥታልሃለች።»

 የሞተ ሰው ወንድም ይኖረዋል ብለን አላሰብንም ነበር።

ዊሊ አምብሪም ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ ሽማግሌ ነበር። ኋላ እንደ ሰማሁት ወንድሙ ጂሚ የሞተው በአሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በትኩሳት፣ ሴት ሳያውቅ። አፈር ያለበሰው ራሱ ዊሊ ነው። እናቴን አየ፣ እግራችንን አየ፣ ሻሿን አየ። 

«በአፍንጫዋ ጂሚን ትመስላለች» አለ። «ከቤቴ ጀርባ ያለችው ጎጆ ባዶ ናት። ግቡ።»

ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሯችን ፍርሃት ነው። ድንገት መጥቶ የሚሄድ ፍርሃት አይደለም፤ ልክ እንደ ውሃ መቅዳት የየዕለት ሥራ ነበር። የመኪና ድምፅ ስንሰማ እኔና ጆይስ ሮጠን አገዳው ውስጥ እንገባለን። አገዳው ተቃጥሎ ማሳው ባዶ ሲሆን ደግሞ መግቢያ የለንም፤ በዚያ ወቅት እናቴ እንቅልፍ አልነበራትም። ነጭ ሰው ቢመጣ ቤቱ ቆሽሿል እንዳይል ወለሉን በቀን ሁለት ጊዜ ትፈገፍጋለች። ሻሿን ስትተኛም አታወልቅም። በሰፈሩ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት እንደ ተማርኩ መምህሩ የወላጆችን የትውልድ ቦታ በወረቀት መጠየቅ ጀመረ፤ በማግስቱ እናቴ ትምህርቱን አስተወችኝና አረም ልነቅል ወደ ማሳ ሄድኩ።

ፍርሃቷ ግን ከነጭ ብቻ አልነበረም። የደሴት ሴት የምታውቀውን ሁሉ አታውቅም ነበር። መጀመሪያ ቦዬ ስትተክል የሚበቅልበትን ጫፍ ወደ ታች አድርጋ ቀበረችው። በማግስቱ ማለዳ ስወጣ ዊሊ ተንበርክኮ አንድ በአንድ እያወጣ ሲገለብጠው አገኘሁት። ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው እየመጣ ያስተምራት ጀመር፤ ጎደሬ እንዴት እንደሚተከል፣ ድንጋይ አግሎ ጉድጓድ ውስጥ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ ማብሰልን። ከዚያ በፊት ለምን ማንም እንዳላስተማራት አልጠየቃትም።

አንድ ቀን የስኳር ወፍጮው ሰዎች ፈረስ ደንብሮ ወደ ሰፈሩ ገባ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ሸሹ። እናቴ ሳታስበው ልጓሙን ያዘችና አንገቱን እያሻሸች አቆመችው።

«እንዴ ኤፊ» አለች ኢዳ። «ፈረስ የት ለመድሽ? ፈረስና ጠርሙስ የሙሪ ነው ሲባል ነው የምናውቀው።»

«ባሌ ፈረስ ነበረው።»

«ነጋዴ ነበር አላልሽም?»

«በፈረስ ነዋ የሚነግደው።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እናቴም ሳቀች። ስለ ሙሪ በተቀለደ ቁጥር ትስቅ ነበር። ሥራ አይወዱም፣ ያገኙትን በአንድ ቀን ይጨርሳሉ፣ ቤት ብትሰጣቸው በሩን ነቅለው ይማግዱታል ይባላል፤ እሷም ትስቃለች፣ እኛም እንድንስቅ በዓይኗ ምልክት ትሰጠናለች። በሌላ በኩል ከወንዙ ማዶ የሰፈሩት የሙሪ ልጆች ሲያዩን፣ የደሴት ሰው በሚሰደብበት ስም «ካናካ፣ ካናካ፣ በጆንያ የመጣሽ» እያሉ ድንጋይ ይወረውሩብናል። ጆይስ መልሳ ትወረውራለች። ገና ሕፃን ስለነበረች ከየት እንደመጣን ረስታው ነበር። እኔ ድንጋዩን እይዝና እጄ ውስጥ ይቀራል።

ክላሪ የመጣው በሦስተኛው ዓመት ነው። የአገዳው ቆረጣ ያለቀበት ቅዳሜ ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ ዊሊ ግቢ ተሰብስቧል፤ ጉድጓዱ ተከፍቶ አሳማውና ጎደሬው እየወጣ ነው። ቀና ስል በአጥሩ በኩል ቆሞ አየሁት። ከስቷል። ባርኔጣው ግን ያው ነው። ወደ እናቴ እያየ ፈገግ ብሎ ሁለት እርምጃ መጣ። እናቴ ትከሻዬን ጨምድዳ ያዘችኝ።

ያኔ መኪናው ተሰማ። ክላሪ ከባለ ከብቱ ፈቃድ ሳይጠይቅ ነበር የመጣው፤ ሳጅኑ ዱካውን ተከትሎ ደርሷል። ማሳው ተቃጥሏል። መግቢያ የለንም።

ክላሪ የመኪናውን ድምፅ ሰማ፣ የእናቴን ፊት አየ። ፈገግታው ጠፋ። ባርኔጣውን አውልቆ እንደ እንግዳ ቆመ።

«እመቤት፣ የሚጠጣ ውሃ ይኖራል?»

«በኩባያ እንዳትሰጪው» አለች ኢዳ። «ነገ ዘመዱን ሁሉ ይዞ ይመጣብሻል።»

ሰው ሳቀ። እናቴም ሳቀች፤ ሰምቻታለሁ። ዶሮዎቹ የሚጠጡበትን የማርማላታ ጣሳ አነሳች፣ ሳታለቀልቅ ውሃ ሞላችበትና ክንዷን ዘርግታ ከሩቅ ሰጠችው። ጣታቸው አልተነካካም። ክላሪ እስከ መጨረሻው ጠጣው።

ሳጅኑ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ገባ። መጀመሪያ የሄደው ወደ እናቴ ነው።

«ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም ጌታዬ። ውሃ ጠይቆኝ ነው።»

«ስምሽ ማነው?»

«ኤፊ አምብሪም።»

ገጹን ገለጠ። «እህቱም ኤፊ ነው የምትባለው። ከሦስት ዓመት በፊት ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ጠፍታለች።» እኔንና ጆይስን አየን። ስሟን መቀየር ነበረባት። አያት ስንፈልግ፣ ደሴት ስንፈልግ፣ የራሷን ስም መቀየር ረስተን ነበር።

«ሻሽሽን አውልቂ» አላት።

 ዊሊ ከጉድጓዱ ዘንድ ቀስ ብሎ ተነሳ። «የወንድሜ የጂሚ የልጅ ልጅ ናት ጌታዬ።»

«አንተን አልጠየቅኩህም፣ ሽማግሌ። አውልቂው።»

የእናቴ እጅ ወደ ራሷ ሄደ። ያኔ ኢዳ ስጋ የያዘችበትን ሳህን እንደያዘች መሃላቸው ገባች። እናቴን አንዴ አየቻት፣ ክላሪን አየችው። ሁሉንም በዚያች ቅጽበት እንዳወቀች እኔም አወቅኩ።

«እቺ? እቺማ አብራኝ ያደገች ናት ጌታዬ። ኤፊ እኮ በዚህ ሰፈር ሦስት አለን። ራሷን ቅማል በልቷት በነጭ ጋዝ ቀብተናት ነው፣ ካሰኘዎት ያውልቁት፣ ግን ወደ እርስዎ ይዘላል።»

አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ። ሳጅኑ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለና ወደ ክላሪ ዞረ።

«አንተስ? እነዚህን ታውቃቸዋለህ?»

«ካናካ አላውቅም» አለ ክላሪ። ምራቁን ከእናቴ እግር አጠገብ ተፋ። «ውሃቸውም ይገማል። አሳማ ናቸው፣ ከአሳማ ጋር ነው የሚበሉት።»

ወንዶቹ ተነሱበት፤ አንዱ የአገዳ ቁራጭ ወርውሮ ጆሮ ግንዱን መታው። ጆይስም ጭቃ ወረወረችበት። ሳጅኑ ከዚህ በኋላ አልጠየቀም። መኪናው ላይ ሲጭነው ክላሪ ወደ እኛ አልዞረም።

ከባሕሩ ማዶ ወዳለው የመንግሥት ሰፈራ ወሰዱት። መሞቱን የሰማነው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም የሌላ ሰው ወሬ ሲወራ በመሃል።

ጣሳውን እናቴ ከዶሮዎቹ ዘንድ አላነሳችውም። ብታነሳው ኢዳ ታያለች። በየማለዳው ውሃ ትሞላበት ነበር።

ኢዳ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። በሚቀጥለው ሰኞ ግን የቆሸሸ ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ በራችን ላይ አስቀመጠችና ሄደች። እናቴ አጠበችው። በሌላውም ሰኞ አጠበችው። ሃያ ሁለት ዓመት፣ ኢዳ እስክትሞት ድረስ፣ የኢዳን ልብስ አጥባለች። ክፉ ሴት ነበረች ለማለት አልችልም። ልጆቻችንን ክርስትና አንስታልናለች፤ ቀልዷንም አልተወችም። ስለ ሙሪ ስትቀልድ እናቴን ቀና ብላ ታያታለች፣ እናቴም ትስቃለች።

ዊሊን ከመሞቱ በፊት ለምን እንዳስጠጋን ጠየቅኩት። «መንግሥት የደሴት ሰውን ሰብስቦ ወደ መጣበት በሚመልስበት ጊዜ እኔ አልሄድኩም» አለኝ። «ከወንዙ ማዶ ሙሪዎች ዘንድ ሰባት ወር ተቀመጥኩ። ፖሊስ ሲመጣ የኛ ነው ይሉ ነበር። በደንብ ሙሪ ነበርኩ።» ከዚያ ፒፓውን ለኮሰ። ይህን ለሰፈሩ ሰው ተናግሮ አያውቅም።

እናቴ የታመመችው ዘመኑ መቀየር ጀመረ በሚባልበት ጊዜ ነው። ከከተማ ወጣት ሙሪዎች እየመጡ የጠፉ ዘመዶቻቸውን ይፈልጉ፣ ስም ይመዘግቡ ነበር። ጆይስ ነገሩን ከእኔ ሰምታ ካወቀች በኋላ ለልጆቿ መንገር ፈለገች። እኔም በመቃብሯ ላይ እውነተኛውን እንድንጽፍ እናቴን ጠየቅኋት። 

«የጆይስ ትንሹ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አምስት።»

«እንግዲያው አምብሪም ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። ከጂሚ አጠገብ፣ በዚያው ማንጎ ሥር ናት።

ዘንድሮ ሳንቃው በስብሶ አዲስ አስጠረብኩ። ያን ጊዜ አምስት ዓመት የነበረው የጆይስ ልጅ ራሱ በመኪናው ወሰደኝ። ሕጉ የለም፣ ሳጅኑም የለም፣ ማንም አይጠይቅም። «አክስቴ፣ የፈለግሽውን ጻፊ» አለኝ። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሬ ቀና ስል የሦስት ዓመት ልጁ ከመስቀሎቹ መሃል ትሮጣለች። በመንገዱ ላይ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ዞሬ እስኪያልፍ ጠበቅኩ።

ከዚያ ኤፊ አምብሪም ብዬ ጻፍኩ።