የሰሌዳው ታችኛው ጥግ

ዴልበርት ክራምሊ ነፃነትን የሚወደውን ያህል፣ ሌላ ሰው ነፃ ሆኖ ሲያይ እጁን ይበላው ነበር። ሙያው አጥር መሥራት ነው። በኮሎራዶ ገጠር ጎረቤታሞች ሆነን በኖርንባቸው ዓመታት፣ መንግሥት በሰው ጉዳይ ጥልቅ ይላል እያለ ሲራገም ውሎ ማታ ማታ በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ እኔን ያርመኛል። አትክልት የማጠጣው በማይሆን ሰዓት ነው። ውሻዬ የሚጮኸው ያለ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ጢሜን የምላጨው ከግራ በመጀመር መሆኑን ሰምቶ ከልቡ አዘነ።

ኢንተርኔት ገና ቤታችን ሳይገባ፣ የወረዳችን ዓመታዊ ትርኢት በተከፈተ ቁጥር በአሳማዎቹ በረትና በበቆሎ ጠባሹ መካከል ድንኳን ይተክላል። ከፊቱ ትልቅ ሰሌዳ ያቆማል፤ በአንድ ጥጉ የቆመ ካሬ ተስሎበታል። አላፊ አግዳሚው አሥር ጥያቄ ይመልሳል፤ አምስቱ ስለ ግል ኑሮ፣ አምስቱ ስለ ገንዘብና ንግድ። ኑሮዬን ተዉልኝ፣ ገንዘቡን ግን መንግሥት ይቆጣጠረው ያለ ወደ ግራው ጥግ ይሄዳል። ገንዘቤን አትንኩብኝ፣ የሰው ምግባር ግን ይጠበቅ ያለ ወደ ቀኙ። ሁለቱንም ልቀቁ ያለ ላይኛው ጫፍ ላይ ይወጣል፣ ከዴልበርትና ከጓደኞቹ ጋር። ሁለቱም ይያዙ የሚል ካለ ወደ ታች ነው፣ ወደ አምባገነኖች ጥግ። መልሱን እየመዘገብኩ ቀያዮቹን ተለጣፊ ነጥቦች የማድለው እኔ ነበርኩ፤ ለፖለቲካው ብዬ ሳይሆን ድንኳኑ ጥላ ስለነበረው።

ታችኛው ጥግ ላይ ማንም ደርሶ አያውቅም። ዴልበርት ጥያቄውን ሲያነብ ድምፁ ራሱ መልሱን ይነግርሃል። አንድ ጡረታ የወጡ ኮስታራ ዳኛ እንኳን ነጥባቸው መሀል ላይ ወደቀ። ነጥብ አንዴ ከተለጠፈ አይነሳም፣ የሰው ሐሳብ ነው ብሎ ሕግ ያወጣው ራሱ ዴልበርት ነው። የሚለጠፈውም በአውራ ጣት ሳይሆን በሌባ ጣት መሆን ነበረበት። ለምን እንደሆነ ጠይቄው ሲያስረዳኝ ግማሽ ቀን ሄደብኝ።

ሚስቱ ዋንዳ ከትምህርት ቤት ወጥ ቤት ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በትርኢቱ ላይ ኮክ ሞልታ የምትጋግረውን ፓይ መሸጥ። ለመሸጥ ደግሞ ከጤና ቢሮ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ዴልበርት ፈቃድ የሚባል ወረቀት ቤቴ አይገባም ብሎ ማለ። ነፃ ሰው ለመጋገር ማንንም አያስፈቅድም። እናም ዋንዳ ለነፃነት ሲባል ተከለከለች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ግማሹ ለእሷ ነው፣ ግማሹ ለፓዩ።

አንድ ቅዳሜ፣ ትርኢቱ በደመቀበት ሰዓት፣ ዋንዳ መጥታ ድንኳናችን ፊት ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ እንደማንኛውም ሰው ጠይቀኝ አለችው። ጠይቀኝ ብላ አታውቅምና ዴልበርት ከደስታው ብዛት ባርኔጣውን አወለቀ። አዋቂ ሰው የሚበላውንና የሚለብሰውን ራሱ ይምረጥ ወይ ብሎ ጀመረ።

«ስለ አገሩ ነው የምትጠይቀኝ ወይስ ስለ ቤታችን?» አለችው።

«ምን ልዩነት አለው? ነፃነት ነፃነት ነው።»

«እንግዲያው ስለ ቤታችን ልመልስልህ።»

መለሰችለት። መጋረጃውን ማን እንደመረጠ፣ የቴሌቪዥኑን ጣቢያ ማን እንደሚቀይር፣ ሾርባው ውስጥ ጨው ማን እንደሚጨምር አንድ በአንድ ተናገረች። ሰው መሰብሰብ ጀመረ፤ በቆሎ ጠባሹ እሳቱን ጥሎ መጣ። ዴልበርት በየመሀሉ ጥያቄው አልገባሽም ይላታል፤ እሷም ይሄንንም ያዝልኝ እያለች ወደ እኔ ትጠቁማለች። በመጨረሻ ላቡን እየጠረገ፣ ሰው ከመንግሥት ፈቃድ ሳይለምን መነገድ አለበት ወይ የሚለው ላይ ደረሰ።

«ዴልበርት» አለችው ቀስ ብላ፣ «መንግሥትን አንድ ጠዋት ሄጄ ብጠይቀው ይሰጠኛል። ይሄን ሁሉ ዓመት የምለምነው አንተን ነው።»

ዴልበርት ያወለቀውን ባርኔጣ መልሶ አጠለቀ። ዋንዳ ወደ እኔ ዞራ የቤታችን ነጥብ የት ወደቀ አለችኝ። በግል ኑሮውም በገንዘቡም በኩል ነፃነቷ ዜሮ ነበር። ንጹሑ ታችኛው ጥግ ላይ ቀይ ነጥብ ለጠፍኩ፣ በአውራ ጣቴ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ዴልበርት በጥፍሩ ሊፍቀው ሲል ደረስኩበት። ሕጉስ አልኩት። እጁን አወረደ።

«እውነት ይሄን ያህል ነኝ እንዴ?»

«ነህ» አልኩት። ላጽናናው እችል ነበር፣ ግን ደስ አላለኝም።

ሰኞ ጠዋት ራሱ መኪናውን ነድቶ ዋንዳን ጤና ቢሮ አደረሳት። ለአቋሙ ሲል ግን ግቢው ውስጥ አልገባም፤ በዚያ ሙቀት መስኮቱን ዘግቶ ውጭ ጠበቃት።

በሚቀጥለው ዓመት የዋንዳ ጠረጴዛ ከድንኳናችን ጎን ቆመ፣ ፈቃዷም ከላዩ ተሰቀለ። ዴልበርት አንገቱን አስግጎ አቆራረጥሽ ጠማማ ነው ሲላት ቀና ሳትል «ነፃ ሰው ነህ፣ ተሰለፍ» አለችው። ተሰለፈ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትርኢቱ ሊዘጋ ሲል የቤታቸውን ነጥብ እንደገና እንድትሰጠው ይጠይቃታል፤ የድሮው ሳይነሳ አዲሱ ከፍ ብሎ ይለጠፋል። ነጥቦቹ እንደ ጉንዳን ተከታትለው ወደ ላይ ይወጡ ጀመር። ስለ እነሱ የጠየቀ ሰው ካለ፣ አንድ የማውቀው ሰው ነው፣ እየተሻሻለ ነው ይላል።

ባለፈው ክረምት አረፈ። ትርኢቱ ሲደርስ ሰሌዳውን ከጋራዡ አውጥቼ አቆምኩት፤ አጥሩ ላይ ተንጠራርቶ የሚያርመኝ ሰው ሳጣ ያን ነዝናዛ ምን ያህል እንደምወደው ገባኝ። ዋንዳ የፓይ ሰልፈኞቿን ትታ መጣችና አንድ ነጥብ ተቀበለችኝ። እጇን ወደ ላይኛው ጫፍ ዘረጋች፣ ከዚያ አንድ ጣት ያህል ዝቅ አድርጋ ቆመች። ጫፉ ላይ ብታደርጊው ምን ነበረበት አልኳት።

«ሆስፒታል ተኝቶ እንኳን ትራሱን የማስተካክልበትን መንገድ ያርመኝ ነበር» አለችኝ።

ከዚያ በሌባ ጣቷ ጫን አድርጋ ለጠፈችው።