የሜሮን ቀበቶ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ቼሳፒክ ቤይ

«ቀበቶው ለጌጥ መሰለሽ እንዴ?» አሉኝ ጋሽ ኃይሉ። «ልጆቹ ቢወድቁ ውሃ የላስቲኩ ሱሪ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ሱሪው ከሞላ እኮ መነሳት የለም።»

የልጄን የሜሮንን ቀበቶ አሁን በገዛ እጄ ፈትቼ መላኬ ነው። እሷ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማለች።

ስንነሳ

ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ የወጣነው በጠዋት ነው። የሜሮን የሃይ ስኩል ክፍል ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር በመረብ ዓሣ ይይዝና ዓይነቱን ለይቶ፣ ለክቶ መልሶ ይለቃል። ወላጅ ቮለንቲር ሲፈለግ እሄዳለሁ ያልኩት ትምህርቱ ገብቶኝ አይደለም። ውሃ እፈራለሁ፤ ልጄን ብቻዋን አልሰድም ብዬ ነው።

ቫኑን የነዱልን ጋሽ ኃይሉ ናቸው፤ የጓደኛዋ የሊያ አያት። ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ለዚሁ ብለው ላንድማርክ ከሚባለው ሰፈራቸው መጡ። ረጅሙ ድልድይ ላይ ስንወጣ ከታች ውሃ ብቻ ሆነ።

«ጋሽ ኃይሉ፣ ቀስ ይበሉ!»

«የሜሮን እናት፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ወርደሽ ልትገፊ ነው!»

ልጆቹ ሳቁ። «ማሚ፣ ፕሊስ» አለችኝ ሜሮን። ከዚያ በኋላም ስለ ንፋሱ፣ ስለ ድንጋዩ ስጮህ ስለዋልኩ ሁሉም እኔን መስማት ትተው ነበር።

ውሃው ዳር

መምህሯ ልጆቹን እስከ ደረት የሚደርስ የላስቲክ ሱሪ አስለብሳ ወገባቸው ላይ የታሰረውን ቀበቶ አንድ በአንድ ቼክ አደረገች። እሷ ዞር ስትል ሜሮንን ከቫኑ ጀርባ ጠራኋት። ንፋሱ ይቆርጣል። እኔ ደብረ ብርሃን ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ለሴት ልጅ የወገብ ብርድ ክፉ እንደሆነ አውቃለሁ። የልጅነት ጋቢዋን ይዤ ነበርና ቀበቶዋን ፈትቼ በሱሪው ውስጥ ወገቧ ላይ ጠመጠምኩላት። ቀበቶው መልሼ ሳስረው አልደርስ አለ። ተውኩት፤ በጃኬቷ ሸፈንኩት።

መረቡ ረጅም ነው፤ ጫፍና ጫፉ እንጨት አለው። ሊያ አንዱን ይዛ ዳር ዳሩን፣ ሜሮን ሌላውን ይዛ ጥልቁን ሄደች። ጋሽ ኃይሉ የቀበቶውን ነገር የነገሩኝ ይኼኔ ነው።

«ሜሮን፣ ውጪ!»

«ማሚ፣ ስቶፕ! ዩ አር ኢምባረሲንግ ሚ!» አሳፈርሽኝ ማለቷ ነው።

መምህሯ ጋ ሮጥኩ። እንግሊዝኛው ጠፋብኝ። ወገቤን እየመታሁ «ቤልት! ሜሮን ኖ ቤልት! አይ ኦፕን!» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ፊሽካ ነፋች። ሜሮን ስትዞር እግሯ አዳለጣትና እስከ አንገቷ ገባች።

«እንጨቱን አትልቀቂ!» አልኩ። ከነነጠላ ጫማዬ ውሃ ውስጥ ገብቼ መረቡን ያዝኩ። ልጆቹም፣ ጋሽ ኃይሉም፣ መምህሯም አብረውኝ ጎተቱ። ዓሣውና ልጄ አንድ ላይ ወጡ።

ከሱሪዋ ውሃ እንደ ባልዲ ተገለበጠ። ሜሮን እያሳለች፣ «ሊያ፣ ፊሾቹን ባልዲ ውስጥ ክተቻቸው፣ ይሞታሉ!» አለች። ጣት የማያክሉ፣ ብርማ ነበሩ። ለክተው ለቀቋቸው።

መመለስ

ድልድዩን ስናልፍ አልጮህኩም። ሜሮን በጋሽ ኃይሉ ካፖርት ተጠቅልላ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። ጋሽ ኃይሉ በመስታወት አዩኝ።

«ዛሬ ፍጥነቴ ተስማማሽ?»

«ይንዱ» አልኳቸው።

ከውሃው ዳር ከመነሳታችን በፊት ለመምህሯ ያደረግሁትን ሁሉ በሜሮን አስተርጓሚነት ነግሬያታለሁ። ከእንግዲህ የማላውቀውን ነገር ከመፍታቴ በፊት እጠይቃለሁ። አሁን ጋቢው ባኞ ቤት ተሰቅሎ ይንጠባጠባል። ሜሮን ኪችን ውስጥ ሾርባ እየጠጣች ነው። ቤታችን ገብተናል። ልጄ ደህና ናት።