በሶ ቀርቶ ቆሎ የታዘዘ ጊዜ

ሰሞኑን በቴሌቪዥን የኤርትራ ድንበር ተከፈተ ብለው፣ ሰው ከሰው ተቃቅፎ ሲያለቅስ አሳዩ። ባለቤቴ ታደሰ ያንን ያያል። እኔ ደግሞ እሱን አያለሁ። የጦርነትን ነገር ከሬዲዮም ከቴሌቪዥንም ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ያኔ ከኤርትራ ጋር ስንዋጋ ክፉው ቀን መምጣቱን የነገረኝ ሬዲዮ አይደለም፤ ቆሎ ነው።

ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ታደሰ ወታደር ነውና ግንባር ሄዷል። እኔ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ አዴ ሐሊማ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ የስድስት ወር ልጄን ናሆምን ታቅፌ እኖራለሁ። ትምህርት ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ሬዲዮው የቦታ ስም ሲጠራ እሰማለሁ እንጂ የት እንደሆነ አላውቅም። "ይሄኛው ለታደሰ ይቀርባል ወይስ ይርቃል?" እላለሁ።

ቀበሌው ለሠራዊቱ ስንቅ ያሰባስብ ነበር። ገብስ ይታደለናል፤ እኛ ሴቶቹ ቆልተን፣ አስፈጭተን፣ በሶ አድርገን እናስረክባለን። ግንቦት ላይ፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ማንጎ ማንጎ በሚሸትበት ሰሞን፣ የቀበሌው ተወካይ መጣችና "ያሁኑ በሶ አይደለም፤ ቆሎ ብቻ። በሦስት ቀን ይድረስ" አለች።

"ተመስገን! ከወፍጮ ቤት ወረፋ ተገላገልን" ብዬ ሳቅኩ።

አዴ ሐሊማ የዘገኑትን ገብስ መልሰው ኬሻው ውስጥ አፈሰሱት።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ያስቅሻል?"

"ሥራ ቀለለልን ብዬ ነዋ፣ አዴ።"

"በሶ ውሃ ይፈልጋል። ቁጭ ብሎ መበጥበጥ ይፈልጋል። ቆሎ እየሮጡ ነው የሚቆረጥሙት። በሱማሌው ጦርነት ልጄ የሄደ ሰሞን ቆሎ ነው ያስቆሉን። ወላሂ፣ ለማጥቃት ሊነሱ ነው።"

ልጃቸው ከዚያ አልተመለሰም።

በማግስቱ እሳቸው ሸዋ በር ገበያ ሲወጡ ከገብሱ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ቆሎ ከሌለ ምን ይዘው ይነሳሉ? አልኩ። የአገሩ ጦር በሙሉ በእኔ ኬሻ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ! ውሃ በጠፋበት ከተማ፣ ለናሆም ገላ ማጠቢያ የቆጠብኩትን አንድ ጀሪካን ውሃ ገብሱ ላይ ደፋሁት።

ተወካይዋ ስትመጣ ገብሱ ሸቷል፤ ማጎንቆልም ጀምሯል።

"ጣራው አፍስሶ ነው" አልኩ።

አዴ ሐሊማ ቀና ብለው ጣራቸውን አዩ። እኔን አዩ።

"አዎ፣ ያፈሳል" አሏት።

መኪናው የሌላውን ሰፈር ቆሎ ጭኖ ሄደ። ከዚያ ሬዲዮው አላባራም። ያዝን፣ ደመሰስን፣ ገሰገስን ይላል። ሰው አደባባይ ወጥቶ ይጨፍራል። አሁን እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ ታደሰ ምን በልቶ ይሮጣል? ከአፉ የነጠቅኩት እኔ አይደለሁም ወይ? እህል አልበላ አለኝ። ጡቴም ደረቀ፤ ናሆምን የከብት ወተት አስለመድኩት።

ታደሰ ክረምቱ ሲወጣ አንድ እግሩን እዚያ ትቶ መጣ። እሱ አላወራም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ይህን ሁሉ ዓመት፣ ሰው ስለ ግንባር ረሃብ ባነሳ ቁጥር ሥራ ያለብኝ መስዬ እወጣ ነበር።

ሰሞኑን ግን፣ እዚያው ቴሌቪዥኑ ፊት፣ አወጣሁት።

"ታዴ፣ የስንቁን ገብስ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እንዳትነሱ ብዬ። ተርበህ ከነበረ በእኔ ነው።"

የሳቀ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም።

"ቆሎ መች አነሰን፣ አንቺ ሴት" አለኝ። "ከጓደኞቼ ኪስ ሁሉ እያወጣሁ በላሁ እኮ። ያነሰው በላተኛው ነው።"

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ተያይዘን ተቀመጥን።

ናሆም ዛሬ ጎረምሳ ነው፤ ማታ ከሥራው ይመለሳል። ስንቅ አዘጋጁ ብሎ በራችንን የሚያንኳኳ የለም። ተርፈናል፤ ደኅና ነን። ይህን ስናገር ግን ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ልጇ ያልተመለሰላት እናት እንዳትሰማኝ።