በማይክራፎን የተጠራ ስም

«መጋላ ሰፈር ያለችው አስካለ! ችግረኛዋ አስካለ! የለችም እንዴ?»

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ በማይክራፎን የተባለው ይኸው ነው። የገና ጾም ስለሆነ ለነዳያን ዱቄትና ዘይት ይታደል ነበር።

እትዬ አስካለ አጠገቤ ነበረች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች።

ይቺ ሴት እኮ ስንት ዓመት ሙሉ የንግሥ እንግዳ ስታበላ የኖረች ናት። እጅ ያጠራት የባቡር ጡረተኛ ባሏ ከሞተ ወዲህ ነው። የእርዳታ ኮሚቴውን ሰብሳቢ «ቤቴ አድርሱልኝ፣ ሰው ፊት አታቁሙኝ» ብላ ለምናው ነበር። እሺ ብሏት ነበር።

ፎቶ አንሺው ደግሞ «ዘይቱን ከፍ አድርጋችሁ ያዙት!» ይላል። አቦ! ጌታ በበረት ሲወለድ እንኳንም ካሜራ አልነበረ።

ሳትነሣ ቀረች። ባዶ እጇን የደቻቱን ወንዝ አሻግሬ ቤቷ አደረስኳት።

ጎረቤቷ ፋጡማ ሽሮ በሳህን ይዛ በሯ ላይ ቆማለች። «አንቺ አስካለ፣ ዋላሂ ተርፎኝ ነው። በዘይት ነው የሠራሁት፣ ቅቤ አልነካውም።»

ፋጡማ ስትሄድ እትዬ አስካለ ሳህኑን እያየች «ጾሙ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ ይተርፋታል» አለችኝ።

ፋጡማ ሙስሊም ናት። ቤቷ ውስጥ የገናን ጾም የሚጾም አንድም ሰው የለም። የጾም ሽሮ ከየት ይተርፋታል?

እናንተ ሰፈርስ እንዲህ የሚተርፈው ጎረቤት አለ? ጻፉልኝ። የተቀባዩን ስም ግን አትጥሩ።