የጥምቀቱ ገንዳ ስንጥቅ

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ወደ ጉና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የአጥቢያችን ታቦት የሚያድርበት የጥምቀት ሜዳ አለ። መሃሉ ላይ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተገነባ ገንዳ ነው ያለው። ከመስከረም ጀምሮ የምንጭ ውሃ በቧንቧ ተጠልፎ ይገባበታል። ዘንድሮ ግን ቢሞላ ቢሞላ አልይዝ አለ። ጥምቀት ሲቃረብ አስተዳዳሪው ቄስ አስጠሩኝ። ግንበኛ ነኝ፤ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ እምቢ ማለት አልችልበትም።

ከገንዳው በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከአንድ የጽድ ዛፍ ሥር ቀጭን ውሃ መውረድ ከጀመረ ሰንብቷል። መንደሩ ጸበል ፈለቀ ብሎ ተቀበለው። ቀና ብሎ ከላይ ያለውን ገንዳ ያየ አልነበረም፣ ወይም አይቶ ዝም ብሏል። ከሚጠመቁት አንዷ ታላቅ እህቴ ነበረች። የልብ ሕመምተኛ ናት። በየቀኑ እንድትውጠው የታዘዘላትን ክኒን ትታዋለች፤ ጸበል እየጠጡ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል መሰላት። እግሯ አብጧል፣ ትንሽ ተራምዳ ትቀመጣለች። እንዳትሞትብኝ እፈራ ነበር። ስፈራ ደግሞ ቁጣ ይቀናኛል፤ ስንት ጊዜ ጮኼባታለሁ።

ውሃውን በሞተር አስወጥቼ ወለሉን ጠረግሁ። ስንጥቁ ማስወጫው ቧንቧ ግድግዳውን በሚያልፍበት ጥግ ላይ ነበር። በመሮ ስከፍተው ቁልቁል ወደ ጽዱ እንደሚወርድ ገባኝ። ሄጄ ለቄሱ ነገርኳቸው።

“አባ፣ ጸበል የተባለው ከዚህ የሚሾልከው ውሃ ነው።”

“ለሕዝቡ እኔ እነግራለሁ” አሉኝ። “ለእህትህ አንተ ንገራት። ክኒኑን ተዪ ያላት ካህን እንደሌለም ንገራት።”

ልነግራት ስወርድ ቀድማኝ ደርሳለች። ከጽዱ ሥር ተቀምጣ፣ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሷን አቅፋ፣ የደረቀውን አፈር ታያለች።

“ምን ሆንሽ፣ እታለም?”

“ሸሸኝ” አለች። “እኔ ገብቼበት ነው የደረቀው። በእኔ ጦስ ለሌላውም ቀረ።”

በኛ አገር ንስሐ ያልገባ ሰው ከገባበት ጸበል ይሸሻል ይባላል። እሷም እኔም ይህን ስንሰማ ነው ያደግነው። ለሷ ግን አሁን ፍርድ ሆኖባታል። ውሃው የገንዳው እንደሆነ፣ ያደረቅሁትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። በሐዘኔታ አየችኝ።

“ልታጽናናኝ ነው” አለች።

በዚያች ሰዓት ስለ ክኒኑ መናገር አልቻልኩም። እንዲህ ሆና ብትሞት ምን እላለሁ አልኩ በልቤ።

“እዚሁ ሁኚና አፈሩን እዪ” አልኳት፤ ወደ ላይ ሮጥኩ። ለልስኑ ብዬ በበርሜል ያስቀመጥኩት ውሃ ነበር። በባልዲ እየቀዳሁ ገንዳው ውስጥ ወርጄ በከፈትኩት ስንጥቅ አፈሰስኩ። ስንጥቁ ጠጣው። ደገምኩ። ከታች ምንም አይሰማም። እንደገና ወጥቼ ቀዳሁ፤ ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ፤ ገንዳውንም፣ ያሠራውንም፣ ራሴንም ረገምኩ።

“መጣ” የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ።

ስወርድ መዳፏን ከጽዱ ሥር ዘርግታለች፤ ውሃው በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። ታለቅሳለች።

“እኔ አይደለሁም እንግዲህ ያደረቅሁት።”

“አይደለሽም።”

በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። እምነቷን የነጠቅኳት መስሎኝ ፊቷን ማየት ፈራሁ።

“ክኒኑ ቤት፣ ሣጥኔ ውስጥ ነው” አለች። “በዚሁ ውሃ ልዋጠው።”

ጠርሙሷን ከጽዱ ሥር ደገነች። ውሃው እየቀጠነ ሄዶ ከግማሽ ሳያልፍ ሊቆም ሆነ። ወደ ላይ ተመለስኩና በበርሜሉ የቀረውን ሁሉ በስንጥቁ አፈሰስኩላት።