የዶብሪላ በለስ

ከሴጌት መንደራችን እስከ ትሮጊር ደሴት ድረስ ያለውን ሰው ጠይቁ፤ ድንጋይ ያለ ጭቃ በመደርደር ከኔ ከቪትሴ የሚበልጥ አልተፈጠረም ይሏችኋል። ካላሉ ቅናት ነው። ድምፄም እንደዚያው! በፍልሰታ ማርያም ዑደት ስዘምር ወደቡ ላይ የታሰሩት ጀልባዎች ይነቃነቃሉ። ግን ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ጎረቤቴ ስለ ሎቭሬ ነው።

ሎቭሬ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። አቧራው ሳንባውን ሲጨርሰው ሥራውን ተወና የአባቱን የወይራ ማሳ ለእንግዳ ከፈተ። ቤታቸውን በመኪና እየነዱ የሚዞሩ ሰዎች አሉ አይደል? አልጋውም ምድጃውም ውስጡ ነው፣ እንደ ቀንድ አውጣ። እነሱ መጥተው ወይራው ሥር ያቆማሉ፤ ከውሃው ማዶ የትሮጊርን የደወል ማማ እያዩ ወይናቸውን ይጠጣሉ። ሎቭሬ የሚኖረው በዚህ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።

ችግሩ መንገዱ። ማሳው በር ላይ ሲደርስ እጥፍ ይላል። በግራ የሎቭሬ መሬት፣ በቀኝ የማቭሮ። ማቭሮ የሎቭሬ አበልጅ ነው፤ የሎቭሬን ልጅ ዶብሪላን ክርስትና አንስቷል። የዚያን ለት በሎቭሬ በኩል መታጠፊያው ማዕዘን ላይ በለስ ተከለና «እሷና በለሱ አብረው ይደጉ» አለ። አደጉም። በኋላ እንግዶቹ መምጣት ሲጀምሩ ትልልቁ መኪና አልታጠፍ አለ። በለሱ ይቆረጥ ሲባል ማቭሮ ጮኸ፦ «የልጄን ዛፍ? የኔን ግንብ እንገፋዋለን እንጂ!» ሦስታችን ግንቡን አፍርሰን ወደ ማቭሮ መሬት አስገባነው። ማለቴ እኔ ሠራሁት፣ እነሱ ድንጋይ አቀበሉኝ። ወረቀት እንዳትሉኝ! በኛ ዘንድ አበልጅን «ፈርምልኝ» ማለት ፊቱ ላይ ከመትፋት አይሻልም።

ዘንድሮ ማቭሮ ወይራውን ነቅሎ መሬቱን ደለደለ። «ለልጅ ልጆቼ ኳስ መጫወቻ ነው» አለን። አመንን።

ፍልሰታ ደረሰች። በዑደቱ የማርያምን ሐውልት ከፊት የምንሸከመው እኔና ሎቭሬ ነን፤ ማቭሮ ከኋላ ነበር። ዘንድሮ ቀረ። ሚስቱ «ወገቡን ይዞት ነው» አለች። ሎቭሬ፣ የዋህ፣ ለአበልጁ ወገብ ሻማ አበራ። ከዑደቱ በኋላ ለሰዉ ሰርዲን ዓሣ ጠበስኩ። ሰርዲን አጠባበስ እንኳ… ይቅር፣ ሌላ ጊዜ።

ከሰዓት ስንመለስ አሎይዝ የሚባል ስሎቬኒያዊ ሽማግሌ እንግዳ መኪናውን ማዕዘኑ ላይ ገትሮ ያልበዋል። ወደ አገሩ ሊመለስ ነው።

«ሎቭሬ፣ ወይ መኪናዬ ወፍሯል፣ ወይ መንገድህ ከስቷል!»

ግንቡ የድሮ ቦታው ላይ ቆሟል! ማቭሮ ተደግፎት ሲጋራ ያጨሳል።

«አበልጅ፣ ይሄ ምንድነው?» አለ ሎቭሬ።

«ልጆቼ ናቸው የሠሩት። እኔ እንኳ ወገቤን ታምሜ ተኝቼ ነበር።»

ሎቭሬ ግንቡን ዳሰሰው። እኔ ከሩቅ አውቄዋለሁ። ማቭሮ ትልቁን ድንጋይ ከላይ፣ ትንሹን ከታች ያደርጋል፤ አባቱ እስኪሞት በዚሁ ሲሰድበው ነው የኖረው። እንደሱ የሚሠራ ሌላ ግንበኛ አላየሁም።

«ይሄ ያንተ እጅ ነው፣ አበልጅ» አለ ሎቭሬ ቀስ ብሎ።

«ቢሆንስ? መሬቱ የኔ! እንግዶችህ ሜዳዬ ላይ ያርፋሉ፤ የኔ በር ሰፊ ነው።»

«ኳሱስ?» አልኩት እኔ።

«አንተ ጋሽ ቪትሴ፣ ዝም ብለህ ዘምር!»

ግንቡን በጡጫ ላፈርሰው ነበር፤ ጉልበቴን ታውቃላችሁ። ሎቭሬ ግን ክንዴን ያዘኝ። የሰው ግንብ አይፈርስም፣ ነውር ነው። ቤት ገባና መጋዝ ይዞ ወጣ። በለሱ ሥር ተንበረከከ።

«ሎቭሬ! እብድ!» አለ ማቭሮ፣ ሲጋራው ከእጁ ወደቀ። «የዶብሪላን ዛፍ? እጅህ እንዴት ቻለ?»

ሎቭሬ መጋዙን ሳበ። ያስላል፣ ይቆርጣል፣ ያስላል፣ ይቆርጣል። የበለሱ ወተት እስከ ክርኑ ወረደ። ላግዝህ ስለው እንቢ አለኝ። ዛፉ ሲወድቅ ጎትተን አነሳነው። አሎይዝ መኪናውን ቀስ አድርጎ አዙሮ ጉቶው ላይ እየነጠረ ወጣ፤ ሊሰናበት እጁን ቢያነሳም ማንም አላየውም።

ሎቭሬ ከቅርንጫፎቹ የበሰለ በለስ ለቀመ፤ ኮፍያው ሙሉ። ግንቡ ላይ፣ ማቭሮ ፊት አስቀመጠው።

«ይውሰዱ፣ አቶ ማቭሮ» አለ። «የተከሉት እርስዎ ነዎት።»

ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፣ ከዚያም በላይ ተሳድቤያለሁ። እንደዚያች «እርስዎ» ሰው ስትመታ ግን አላየሁም። ማቭሮ የእውነት ወገቡን ይዞ ግንቡ ላይ ቁጭ አለ።

«አበልጅ…» አለ።

ሎቭሬ ቀጣዩ መኪና እንዲገባ ቅጠሉን እየጠረገ ነበር።